የተማረው ወንድማችን ስብሰባውን ወሰደብን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። አራት ልጆች ነን። አባታችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ ነው ያረፈው። እናታችን የዘጌ ልጅ ናት፤ ከእናቷ የወረሰችው ቡናና ጌሾ ያለበት መሬት አላት። አባዬ ከሞተ ወዲህ በየወሩ አንድ እሑድ እየተሰበሰብን የቤታችንን ጉዳይ እንነጋገራለን። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። አሁን ግን ማስተርሱን የያዘው ታላቅ ወንድማችን ሰብሳቢም ጸሐፊም እሱ ሆኗል። ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ቃለ ጉባኤውንም የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አሁን ትንሽ ዓሣ ቤት አለኝ። ሐሳብ ስሰጥ “አንቺ ዓሣሽን ጥበሺ” ይለኛል። እየሳቀ ነው የሚለው፣ ግን ይቆጠቁጣል። ባለፈው የዘጌውን መሬት ግማሹን እንሽጥ፣ በቀረው ላይ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች ቆርጠን አቮካዶ እንትከል አለ። ሁለቱ ወንድሞቼ እጃቸውን አወጡ። እማዬ ቡና እያፈላች ነበር፣ ምንም አልተናገረችም። ማታ ጓዳ ገብቼ ስጠይቃት “እሱ የተማረ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ” አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን “ጥላው ከተቆረጠ ቡናው አለቀለት” አለች። እና የተማረ ሰው የሚባለው ማን ነው? እኔና እማዬስ በዚህ ስብሰባ ምንድን ነን?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ከመሬቱ ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም።

መሬቱ አይሸጥም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። እናትሽ ያላት የመጠቀም መብት ነው፤ ማከራየት ትችላለች፣ ማውረስ ትችላለች፣ ያለማችውም የራሷ ነው። መሸጥ ግን የለም። “ውስጥ ውስጡን ይሸጣል እኮ” የሚል አይጠፋም፤ አዎ፣ ይሸጣል፣ ከዚያ በኋላ ገዢና ሻጭ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተቱ ይኖራሉ። ደግሞ የይዞታ ደብተሩ በእናትሽ ስም ከሆነ፣ ልጆቿ አራታችሁም እጃችሁን ብታወጡ ለውጥ የለውም። የሷ ጉዳይ ነው። ድምፅ ሊሰጥበት ቀርቶ እሷን ሳይጠይቁ መነሳትም አልነበረበትም። ዝርዝሩን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ጠይቁ። ወንድምሽ አብሮ ይሂድ።

ሁለተኛው ዛፉ ነው። ዘጌን የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሄደሽ ስትወርጂ የምትገቢው ጫካ ውስጥ ነው፣ ቡናውም ያለው እዚያው ዛፉ ሥር ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በዘጌ ነውር ሆኖ የኖረ ነገር ነው፤ የአገሬው ሰው ይህን ከዘጌው ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ጋር ያያይዘዋል። እምነቱን ለጊዜው እንተወውና ሥራውን ብቻ እንየው። ሳይታረስ፣ ዛፉ ሳይቆረጥ፣ ከሥሩ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እየተለቀመ ስንት ትውልድ ኖሮበታል። ጥላ ያለው ቡና ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። በጥላ የኖረ ቡና ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ያፈራና ይዳከማል። ይሄንን የግብርና ተመራማሪም ይነግርሻል፣ እናትሽም ነግራሻለች። ልዩነቱ እናትሽ የነገረችሽ ጓዳ ውስጥ መሆኑ ነው። ስብሰባችሁ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስለ ጉዳዩ ከሁላችሁም በላይ የምታውቀው ሴትዮ ሳሎኑ ውስጥ ረከቦት ይዛ ተቀምጣ፣ የሚወስኑት የማያውቁት ሆኑ።

አቮካዶ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ገበያው ጥሩ ነው፣ ምናልባት ባዶ ቦታ ካለ ይተከል ይሆናል። ግን መጀመሪያ ማን ተጠየቀ?

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የተማረ ሰው ማን ነው አልሽ። እኛ የምንኖረው የፔዳና የፖሊ፣ ማለትም የመምህራን ኮሌጁና የፖሊቴክኒኩ ከተማ ውስጥ ነው። ሁለቱ በ1992 ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ደግሞ ዲግሪ የሌለበት ግቢ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ “የተማረ” ስንል ወረቀቱን ማለታችን ነው፤ አንዋሽ። እናቶቻችንም “የተማረ ይግደለኝ” እያሉ ነው ያሳደጉን። ሰውየው እውነትም እየገደላቸው እንደሆነ እንኳ አይጠይቁም።

እኔ ግን እዚሁ ጎጃም ውስጥ ሌላ መለኪያ አለ እላለሁ። የቅኔ ቤቱን ተመልከቺ። ዋሸራ በይው ጎንጅ፣ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የሰፈር ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ናት። ከዚያ ቀስ እያለ እስከ ረጃጅሞቹ ቅኔዎች፣ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይዘልቃል። ታዲያ ያዘጋጀውን ቅኔ ይዞ ቤቱ አይተኛም፤ የኔታ ፊት ቀርቦ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይናገራል። ቤቱ ከጎደለ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ ይታረማል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እየታረመ ዓመታት ይቆያል። (እንዳናሳምረው ደግሞ፤ ረሃቡም ዱላውም ቀላል አልነበረም።) እኔን የሚገርመኝ መታረሙ ነው። እዚያ ተማረ የሚባለው ሰው ሲታረም የኖረ ሰው ነው።

ወንድምሽ ስንት ጊዜ ነው ስብሰባችሁ ላይ የታረመው? ዩኒቨርሲቲ እያለ የመመረቂያ ጽሑፉን መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሲያቀልመው አሜን ብሎ ተቀብሏል። ቤት ሲገባ ግን እሱ የሚጽፈውን የሚያርም የለም፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው። እናትሽ ልታነበው የማትችለውን ቃለ ጉባኤ ስለ እናትሽ መሬት መጻፍ፣ ከትምህርት ጋር ምንም አያገናኘውም። በአማርኛ ይጻፍ፣ ሁሉም ከመፈረሙ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። እናትሽ “እዚህ ጋ እንዲህ አላልኩም” ካለች ይሰርዘው።

እንዲህ ስል ግን ሌላኛው ጥግ እንዳትሄጂብኝ። “ዲግሪ ምን ሊሠራ፣ ያልተማረ ይሻላል” የሚል ወሬ ሰሞኑን በዝቷል፤ ሰነፍ ወሬ ነው። የመሬት አስተዳደሩን ደብዳቤ ማን ያነበዋል? የኪራይ ውል ቢመጣ ማን አንቀጹን ያያል? የአቮካዶው ወጪና ገቢ በአምስት ዓመት ስንት እንደሚመጣ ማን ያሰላል? ወንድምሽ ነው። ችሎታው ያስፈልጋችኋል። ግን አንቺም እኮ ታሰያለሽ። ቆሮሶውና አምባዛው በምን ዋጋ እንደሚገባ፣ በጾም ሰሞን ገበያው የት እንደሚደርስ፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ ይዘሽ ነው ዓሣ ቤት የምታስተዳድሪው። “አንቺ ዓሣሽን ጥበሺ” የተባልሽው እንግዲህ ከቤቱ ውስጥ በየቀኑ ትርፍና ኪሳራ የምትቆጥረው አንቺ ሆነሽ ሳለ ነው። እኔ ብሆን ትንሽ ያስቀኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ምን ታድርጊ? ሰው ፊት አትግጠሚው። ታላቅ ወንድም ነው፣ በታናናሾቹ ፊት ከተዋረደ ነገሩ ስለ መሬት መሆኑ ይቀርና ስለ ክብር ይሆናል። ከስብሰባው በፊት ለብቻው አግኚው። “ወንድም ጋሼ፣ መሬቱ እንደማይሸጥ ሰማሁ፣ እስኪ አንተ አጣራልን” በዪው። ሥራ ስጪው። የተማረ ሰው ሥራ ሲሰጡት ደስ ይለዋል፣ ከተሳሳትክ ይልቅ አጣራልን ሲሉት ይቀለዋል። ከዚያ ስለ ዓሣው ቀልድ ንገሪው፤ እንደሚያምሽ ንገሪው፣ በግልጽ። ብዙ ወንድሞች የማይገባቸው ማንም ስላልነገራቸው ነው።

ቡናውን በዚያን ቀን ወንዶቹ ያፍሉ። ቀልዴን አይደለም። እናትሽ ከሰል እያራገበች መወሰን አትችልም። ሰብሳቢነቱ በየወሩ ይዙር፣ አንቺም ይድረስሽ። ትልቅ ነገር ደግሞ በተነሳበት ቀን አይወሰን፤ ድሮም ሽማግሌ “ነገሩ ይደር” የሚለው ወዶ አይደለም፣ እንደ እናትሽ ያለው ሰው አፉን የሚከፍተው ካደረ በኋላ ስለሆነ ነው። ከተቻለ አንዱን ስብሰባ ዘጌ አድርጉት። እዚያ ዛፉ ሥር ቆማችሁ ማን እንደሚጠይቅና ማን እንደሚመልስ ታዪዋለሽ።

ጥያቄ፦ 20 ዓመቴ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አላለፍኩም። ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ፣ የታናሽ እህቴን የትምህርት ቤት ወጪ የምሸፍነው እኔ ነኝ። አጎቶቼ ለፋሲካ ሲሰበሰቡ የሁልጊዜ አጀንዳቸው እኔ ነኝ። “ያልተማረ የቤታችን ልጅ” ይሉኛል። ዘንድሮ ልቅር?

መልስ፦ አትቅር። ብትቀር ስለ አንተ ማውራታቸውን አይተዉም፣ አንተ አትሰማም እንጂ።

አጎቶችህ ቁጥሩን ይወቁት። በ2014 ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነው። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። ከመቶው ዘጠና አምስቱ የወደቀበት ፈተና ላይ አንድን ልጅ ለይቶ “ያልተማረ” ማለት ምን የሚሉት ነው? ደግሞ ባለፉት ዓመታት በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እነሱም ያውቃሉ።

ይሁን እንጂ ቁጥሩን መደበቂያ አታድርገው። መማር ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? ይሄን ለራስህ መልስ። ከፈለግህ በግል ተመዝግቦ መፈተን አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ሞተር የምትወድ ከሆነ አውቶ መካኒክ ተማር፣ ባጃጅህንም ራስህ ትጠግናለህ። ለፋሲካ ስትሄድ ምክር አትቀበል፣ ጥያቄ ይዘህ ሂድ። “አጎቴ፣ ሒሳብ ላይ ነው የወደቅሁት፣ ሁለት ወር የሚያስጠናኝ ሰው ክፈሉልኝ” በላቸው። ማን እንደሚያስብልህና ማን አፉን ለማሟሸት ብቻ እንደሚያወራ ያኔውኑ ይለያል። ካልፈለግህ ደግሞ እህትህን እያስተማርክ እንደሆነ በግልጽ ንገራቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁም ብዬ እገምታለሁ። ጸጥ ብለህ ስትረዳ ማንም አያይህም።

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ 8፣ 11 እና 15 ዓመታቸው ነው። በየሳምንቱ የቤተሰብ ስብሰባ ልጀምር ብል ባለቤቴ “የቢሮህን ስብሰባ ቤቴ አታምጣብኝ” አለችኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ባለቤትህ ልክ ናት። በየሳምንቱ ይበዛል፣ በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንተም ሰብሳቢ አትሁን። የ11 ዓመቱ ይምራው፣ ጥሩ ይመራል።

ሰርተፊኬትና ውጤት እዚያ አይነሳ። ልጆች ስብሰባ ተብለው ከተቀመጡ በኋላ ውጤታቸው ከተነበበላቸው ሁለተኛ አይመጡልህም፤ እኔም አልመጣም። እውነተኛ ነገር ስጣቸው። ለእንቁጣጣሽ ይሄን ያህል ብር አለን፣ ልብስ ይገዛ ወይስ ጢስ ዓባይ እንሂድ? ከዚያ የወሰኑትን ፈጽም፣ ባይጥምህም። ስልኮች ሁሉ ይነሱ፣ የአንተም ጭምር። የ15 ዓመቷ አሰልቺ ነው ብላ ከተነሳች አትቆጣ፣ ተዋት ትሂድ፤ ስለ እንቁጣጣሹ ብር መሆኑን ስትሰማ ትመለሳለች።