ቱርቦ ያለው የድራግ መኪና ማኒፎልድ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ኢንቴክ ማኒፎልድ ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ አንድ ላይ ልመልስ። ኢንቴክ ማኒፎልድ ማለት አየሩን በአንድ የጋራ ሳጥን ተቀብሎ በየቱቦው ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል የሞተር ክፍል ነው። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው፤ ድራግ ደግሞ በቀጥታ መስመር አጭር ርቀት የሚደረግ የመኪና ውድድር። ቱርቦ ሞተር ስፈታና ስገጥም ዓመታት አልፈዋል፤ የምጽፈውም በእጄ ነክቼ ያየሁትን ነው።

ጥያቄ፦ ቱርቦው አየሩን በግድ የሚያስገባ ከሆነ የማኒፎልዱ ቅርጽ ምን ለውጥ ያመጣል?

ቱርቦው አየሩን እስከ ማኒፎልዱ በር ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ለየትኛው ሲሊንደር ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወስነው ማኒፎልዱ ነው።

ስድስት ሲሊንደር የተደረደረበት ሞተር እንውሰድ። አየሩ ከፊት በኩል ይገባል። ፍጥነት ስላለው የፊተኞቹን ቱቦዎች አፍ አልፎ ይሄድና የኋላውን ግድግዳ ይመታል፤ እዚያም ይጠራቀማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የኋለኞቹ ሲሊንደሮች የበለጠ አየር ያገኛሉ። ነዳጅ የሚረጨው ግን ለሁሉም እኩል ነው። አየር የበዛበት ሲሊንደር ነዳጅ ያንሰዋል፤ ከሌሎቹ በላይ ይግላል፤ ማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ጊዜው በኃይል መፈንዳት) ይጀምራል። ቡስት (ቱርቦው የሚፈጥረውን የአየር ግፊት) በጨመርክ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ስህተትን የሚሸከምበት አቅም ይቀንሳል።

ይሄ እኔም ላይ ደርሷል። አንድ ማኒፎልድ አሠርቼ ገጠምኩ፤ ብየዳው የሚያምር ነበር። የላምዳው (ከጭሱ የአየሩንና የነዳጁን ሚዛን የሚያነበው መለኪያ) ንባቡም ልክ። በሦስተኛው ሩጫ መኪናው ጭስ ለቀቀ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በተራ ደረደርኳቸው። አምስቱ ንጹሕ ናቸው። የስድስተኛው ነጭ ሸክላ ላይ ግን ደቃቅ የብር ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ ነበር። አሉሚኒየም ነው፤ ከፒስተኑ ቀልጦ የተረጨ። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲነሳ የፒስተኑ ጠርዝ አይጥ የበላው ይመስል ነበር። ላምዳው ለምን አልነገረኝም? የሁሉም ሲሊንደር ጭስ ከተቀላቀለ በኋላ ስለሚያነብ አማካዩን ብቻ ነው የሚያሳየው። አምስቱ ትንሽ ነዳጅ በዝቶባቸው የአንዱን እጥረት ሸፈኑት።

ለዚህ ነው ማንም ስለ ማኒፎልድ ሲጠይቀኝ ከፈረስ ጉልበት በፊት ስለ እኩል ክፍፍል የማወራው። ክፍፍሉ እኩል ከሆነ ቡስቱን በድፍረት ትጨምራለህ። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክፍፍሉን እንዴት እኩል አደርጋለሁ?

ሦስት ነገር ተመልከት። አንደኛ፣ ፕሌነም የምንለው የጋራ ሳጥን ወደ ኋላ እየጠበበ ቢሄድ ይረዳል። አየሩ በየቱቦው እየተቀነሰ ሲሄድ ሳጥኑም አብሮ ይጠባል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ክምችት አይፈጠርም። ሁለተኛ፣ ከትሮትሉ (ነዳጅ ስትረግጥ ከሚከፈተው የአየር በር) እስከ መጀመሪያው ቱቦ ድረስ አየሩ የሚረጋጋበት ትንሽ ርቀት ስጠው። ትሮትሉ ሳጥኑ አፍንጫ ላይ ከተለጠፈ የፊተኛው ሲሊንደር ይራባል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘለው የቱቦዎቹ አፍ ነው። ጣትህን አስገብተህ ዳሰው። ጠርዙ ስለታም ከሆነ አየሩ መታጠፊያው ላይ ከግድግዳው ይላቀቅና መሀል ለመሀል ብቻ ያልፋል። ቱቦው ከልኩ የጠበበ ያህል ይሆናል። አፉ እንደ ጥሩምባ ወደ ውጭ ከተከፈተ ግን ሙሉ ስፋቱ ይሠራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ለትንሽ ድካም ይህን ያህል የሚከፍል ሌላ ነገር አላየሁም።

ጥያቄ፦ አጭር ቱቦ ይሻላል ወይስ ረጅም? ቱርቦ ላይ ለውጥ የለውም ይባላል።

ለውጥ አለው። ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይመላለሳል። ሞገዱ ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ከደረሰ ተጨማሪ አየር ይዞ ይገባል። የሚሄደው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ ያ ፍጥነት ደግሞ የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይደለም። ስለዚህ ቡስት ስላለ ሕጉ አይሻርም። ረጅም ቱቦ ዝቅ ባለ ዙር ይረዳል፤ አጭሩ ከፍ ባለ ዙር።

በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ እያንዳንዱ የመግቢያ ቫልቭ በሰከንድ 67 ጊዜ ገደማ ይከፈታል። ድራግ መኪና ከመነሻው በስተቀር የሚኖረው እዚያ አካባቢ ስለሆነ አጭር ቱቦ ይመረጣል። ግን አታጋንን። ቱርቦህ ትልቅ ከሆነና ቶሎ የማይነሳ ከሆነ በጣም አጭር ቱቦ መነሻ መስመር ላይ ያስቸግርሃል።

ጥያቄ፦ የሳጥኑ መጠንስ?

በልምድ ከሞተሩ ይዘት እኩል እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ይያዛል። ለ3 ሊትር ሞተር ከ3 እስከ 4.5 ሊትር ማለት ነው። ድራግ ላይ እግር ነዳጁን ረግጦ ስለሚቆይ ወደ ትልቁ ብታደላ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ትልቅ ትሮትል ልግዛ?

መጀመሪያ ለካ። ሙሉ ነዳጅ ረግጠህ ከትሮትሉ በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት አንብብ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ገንዘብህን ኪስህ አቆየው።

ጥያቄ፦ ማኒፎልድ ቀይሬ ቡስቱ ወረደ። ተበላሽቷል?

መጀመሪያ ፍሳሽ ፈልግ። መስመሩን በአየር ሙላና መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ አድርግ፤ አረፋ ካየህ እዚያ ነው። ፍሳሽ ከሌለና ቱርቦው አቅሙ ጫፍ ላይ እየሠራ ከነበረ ግን ደስ ይበልህ። ቡስት ማለት መግባት ያቃተው አየር ግፊት ነው። ሞተሩ በደንብ ሲተነፍስ ያው አየር በትንሽ ግፊት ይገባል። የቡስት መለኪያውን ንባብ ትተህ የሩጫውን የመጨረሻ ፍጥነት ተመልከት።

ጥያቄ፦ ራሴ ከአሉሚኒየም ላሜራ ልበይድ አስቤአለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ጠፍጣፋ ግድግዳን ፍራ። 1 ባር በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 1 ኪሎ ገደማ ይጭናል። 40 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ጎን በ2 ባር ቡስት 1,200 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። ሰፊ ጠፍጣፋ ጎን በየሩጫው ይነፋል፣ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ብየዳው ይሰነጠቃል። ጎኑን ክብ አድርገው፣ ወይም ማጠናከሪያ ጨምርበት።

ቴስታታው ላይ የሚቀመጠውን ወፍራም ሳህን ስትበይድ ከሌላ ወፍራም ብረት ጋር በብሎን እሰረው። እንዲያም ሆኖ ይጣመማል። ከብየዳ በኋላ ፍሬዛ (ብረት የሚልግ ማሽን) ላይ አስተካክለው፤ አለበለዚያ ጓርኒሲዮኑ (በመሀል የሚገባው ማሸጊያ) አይዝም። የቱቦው መውጫ ከቴስታታው ቀዳዳ እንዳይሰፋም ተጠንቀቅ። ከሰፋ አየሩ ደረጃ ላይ ይጋጫል። ትንሽ ቢጠብ ጉዳቱ ይቀላል። ሲያልቅ ደግሞ ደጋግመህ እጠበው። አንዲት የብየዳ ፍርፋሪ ቱቦ ውስጥ ብትቀር መድረሻዋ ሲሊንደር ነው።

ጥያቄ፦ ከገጠምኩ በኋላ ክፍፍሉ እኩል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከተቻለ በየሲሊንደሩ የጭስ መውጫ ላይ የሙቀት መለኪያ አስገባ። ካልተቻለ በዝቅተኛ ቡስት አንድ ሩጫ ሩጥ። መጨረሻው መስመር ላይ ሞተሩን አጥፋና ተንሸራተህ ውጣ፤ ስራ ፈት እንዲዞር አታድርግ፣ ማስረጃውን ያጠፋዋል። ካንዴላዎቹን ፍታና በተራ ደርድር። ከሌሎቹ ይልቅ ነዳጅ ያነሰው የሚመስል ካለ በኮምፒውተሩ ለዚያ ሲሊንደር ብቻ ነዳጅ ጨምርና ድገም። ሁሉም እስኪመሳሰሉ ድረስ ቡስቱን አትንካ።