«ትሞታለህ» ከማለት ሌላ ምን ልበለው?

ሰሞኑን ስለ አመጋገብ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ኪሎ መቀነስ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ሰው ጤናውን እንዲጠብቅ እንዴት ብለን እንንገረው? ነው ነገሩ። አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለቤቴ 50 ዓመት አልፎታል፣ 90 ኪሎ ነው። ባለፈው ሲመረመር ስኳርህ ድንበሩ ላይ ነው፣ ኪሎ ቀንስ ተንቀሳቀስ ተብሏል። እኔ ፍርሃት ስለያዘኝ ቁጭ ባለ ቁጥር «እንዲ ከቀጠልክ ስኳር ይይዝሃል፣ እግርህ ይቆረጣል፣ ልጆችህን ሳታሳድግ ትሞታለህ» እለዋለሁ። እሱ ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል፣ አንዳንዴ ጥሎኝ ይወጣል፣ ይባስ ብሎ ማታ ተደብቆ ሲበላ አገኘሁት። ምን ብዬ ልንገረው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲ የምትይው ስለምትወጂው እንደሆነ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። የምትነግሪውም ነገር ውሸት አይደለም። ግን አንድ እውነት ሁለት መልክ አለው፣ አንቺ ሁሌም በሚያስፈራው በኩል ነው የምታሳዪው፣ እሱ ደግሞ ፈርቶ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ፍርሃቱን የሚያስታግሰው ካንቺ በመሸሽ ነው።

የአቀራረብን ጉልበት ለማየት በ1981 አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያወጡትን ጥናት እንይ። ጥናቱ ላይ የተሳተፉትን ሰዎች 600 ሰው ሊገድል የሚችል በሽታ መጣ እንበልና ከሁለት መንገድ አንዱን ምረጡ አሏቸው፣ አንዱ ውጤቱ የታወቀ ነው ሌላው በዕድል የሚወሰን። የታወቀው መንገድ «200 ሰው ይድናል» ተብሎ ሲቀርብ 72 በመቶው መረጠው፣ ይሄው ራሱ መንገድ ለሌላ ቡድን «400 ሰው ይሞታል» ተብሎ ሲቀርብ ግን የመረጠው 22 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው እኮ! ሰው የሚወስነው በሰማው ነገር ብቻ ሳይሆን ነገሩ በቀረበለት መንገድም ጭምር ነው ማለት ነው።

ወደ ጤና ስንመጣ ሮትማንና ሳሎቬይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ባወጡት ፅሁፍ እንደ ስፖርትና አመጋገብ ላሉ በሽታን ለሚከላከሉ ነገሮች «ብታደርግ ይሄን ታገኛለህ» የሚለው አነጋገር «ባታደርግ ይሄን ታጣለህ» ከሚለው ይሻላል የሚል ሀሳብ አቀረቡ፣ በ2012 ደግሞ 94 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ወጥቶ በተለይ የአካል እንቅስቃሴ ላይ ጥቅሙን የሚያሳየው መልዕክት በተሻለ ሰውን ያንቀሳቅሳል አለ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አነጋገር በመቀየር ብቻ ባልሽ ነገ ጠዋት ሯጭ ይሆናል አልልሽም። ግን አሁን በሩን ዘግቶብሻል፣ እና መጀመሪያ በሩ መከፈት አለበት።

ለሱ የሚሆን ጥሩ ዜና ደግሞ ሞልቷል። አሜሪካ ውስጥ ተሰርቶ ውጤቱ በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት ላይ ልክ እንደሱ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ግን ገና ያልያዛቸው ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲታገዙ፣ እንዲ ያለ እገዛም መድሃኒትም ካላገኙት ጋር ሲነፃፀር በስኳር የመያዝ ዕድላቸው 58 በመቶ ቀንሷል። 90 ኪሎ ለሆነ ሰው 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ ገደማ ነው። 6 ኪሎ! «ካልቀነስክ ትሞታለህ» ከምትይው «6 ኪሎ ብቻ ብትቀንስ ይሄን ነገር ከግማሽ በላይ ልናርቀው እንችላለን» ብትይው ልቡ ላይ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ጉልበቱን የሚያመው ከሆነ ደግሞ የጉልበት አጥንት ችግር ባለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት የሚቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ወደ 4 ኪሎ ያቀልላል ተብሏል፣ ይሄን ንገሪው። ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ከማውራት በዚህ ወር የሚሰማውን ማንሳት ይሻላል፣ እንቅልፉ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ፣ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ቶሎ አለመድከሙ።

አንድ ነገር ግን አትርሺ፣ ጥሩ አነጋገር ብቻውን አይበቃም። በ2002 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ላይ ስለ ልብ በሽታና ስለ ስፖርት የሚያነሳሳ ፅሁፍ ብቻ ካነበቡት ውስጥ በሳምንቱ አንዴ እንኳን ስፖርት የሰሩት 35 በመቶ ነበሩ፣ ምንም የተለየ ነገር ካልተሰጣቸው 38 በመቶ አይሻሉም፣ ፅሁፉን አንብበው «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ እሰራለሁ» ብለው በፅሁፍ ካስቀመጡት ግን 91 በመቶው ሰርቷል። ስለዚህ «ተንቀሳቀስ» አትበይው፣ «ማክሰኞና ሐሙስ ከእራት በፊት አብረን ለግማሽ ሰዓት እንራመድ?» በይው። አብረን የሚለው ላይ በጣም አደራ እላለሁ። ተደብቆ የበላውን ነገር ደግሞ ተይው፣ አታንሺበት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማስፈራራት ፈፅሞ አይጠቅምም ማለት ነው? ሲጋራ ፓኬት ላይ እኮ አስፈሪ ፎቶ ይለጥፋሉ።

መልስ፦ ይጠቅማል፣ ግን ቦታ አለው። በ1987 የወጣ ጥናት ላይ ጡታቸውን በራሳቸው እንዲመረምሩ ለሴቶች ከተሰጡት ፅሁፎች የበለጠ የሰራው ባለመመርመር የሚያጡትን የሚናገረው ነው፣ በኋላ የመጡት ጥናቶች ላይ ልዩነቱ ያን ያህል ጎልቶ ባይታይም። ዋናው ግን የፈራ ሰው እጁ ላይ መፍትሄ ካለ ይሰራበታል፣ ከሌለ መልዕክቱን ይገፋዋል። ስለዚህ አስፈሪ ነገር ስትናገር እዛው ላይ «ይሄን አድርግ፣ ትችላለህ» የሚል ካላስከተልክ ባትናገረው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የምሰራበት መስሪያ ቤት ውስጥ ለካፍቴሪያችንና ለደረጃው ፖስተር እንድሰራ ተሰጥቶኛል። «ጤናማ ምግብ ይመገቡ» ከማለት ውጪ ምንም አልመጣልኝም። ሀሳብ ስጡኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ «ጤናማ» የሚለውን ከምግቡ ስም ላይ አንሳው። በ2017 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ካፍቴሪያው ውስጥ አንድ አይነት አትክልት በተለያየ ስም ቀረበ፣ አንዳንድ ቀን በተራ ስሙ፣ አንዳንድ ቀን ጤናማነቱን በሚናገር ስም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጣዕሙን በሚያስጎመጅ ስም፣ አሰራሩ ምንም ሳይቀየር። የሚያስጎመጀው ስም ሲለጠፍ ከተራው ስም 25 በመቶ፣ ስኳር የለውም ምናምን ከሚለው ጤናማ ስም ደግሞ 41 በመቶ የሚበልጥ ሰው አነሳው። ሰው ምሳ ሰዓት ላይ የሚፈልገው የሚጣፍጥ ነገር ነው፣ ስለዚህ ስለ ጣዕሙ ፃፍ፣ ግን እውነት ይሁን፣ ቀምሶ ካልጣመው ሁለተኛ አያምንህም።

ለስላሳ መጠጡ ጋ ካሎሪ በቁጥር ብትፅፍ ብዙ ሰው አይገባውም። ባልቲሞር በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ትንንሽ ሱቆች ላይ በተሰራና በ2012 በወጣ ጥናት «የዚህን ጠርሙስ ካሎሪ ለማቃጠል 50 ደቂቃ ገደማ መሮጥ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ?» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ወጣቶቹ ስኳር ያለው መጠጥ መግዛት ቀነሱ። እንዲ በሰውነት የሚታሰብ ነገር ይገባል። ለደረጃው አጭር ነገር ይበቃል፣ ሊፍቱ በር ላይ ለጥፈው፣ ሰው በሊፍት ልሂድ ወይስ በደረጃ ብሎ የሚወስነው እዛ ነው። አደራ ግን ወፍራም ሰው የሚያሳይ ስዕል እንዳታስገባ፣ ለምን የሚለውን ከታች አንብበው።

ጥያቄ፦ ዘመዶቼ ባገኙኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚሉኝ «ኧረ ወፈርሽ» ነው። ለጥቅምሽ ነው ይላሉ። እኔ ግን ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ፣ ከዛ እበላለሁ። ደካማ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለሽም እህት። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ራሳቸውን ወፍራም ነን ብለው የሚያስቡ ሴቶች ወፍራም ሰዎች ስራ እንደሚከለከሉ የሚናገር ፅሁፍ ሲያነቡ፣ ሌላ ነገር ካነበቡት የበለጠ በሉ፣ አመጋገቤን መቆጣጠር እችላለሁ የሚለው ስሜታቸውም ቀነሰ። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ መጀመሪያ ከመጠን በላይ ካልወፈሩ ሰዎች ውስጥ በክብደታቸው ምክንያት መገለል የደረሰባቸው ከዓመታት በኋላ ከመጠን በላይ ወፍረው የመገኘት ዕድላቸው ካልደረሰባቸው 2.5 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። አንቺ ላይ የሆነው ብዙ ሰው ላይ የሚሆን ነገር ነው፣ ዘመዶችሽም ይሄን ቢያውቁ ምናለ እላለሁ፣ ማሸማቀቅ ሰው አያቀጥንም።

በእርጋታ ሰዓት ከመሀላቸው የምትቀርቢያትን አንዷን ለይተሽ «ስለ ኪሎዬ ስታወሩ ይብስብኛል፣ መርዳት ከፈለጋችሁ አብራችሁኝ ተራመዱ» በያት፣ ለሌሎቹ እሷ ትንገርልሽ። ለራስሽም የምትነግሪው ነገር ይቀየር፣ ሚዛኑን ለጊዜው ተይውና በሳምንቱ ያደረግሽውን ፃፊ፣ ስንት ቀን ተራመድሽ፣ ስንት ቀን አትክልት በላሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ። እያለቀስሽ መብላቱ ከቀጠለና መቆጣጠር ካቃተሽ ግን ሀኪም ወይ የሥነ ልቦና ባለሙያ አናግሪ፣ ስትሄጂም ስለ ኪሎው ብቻ ሳይሆን ስለ ለቅሶውም ንገሪያቸው።