ያቺ ኮርኒስ ላይ ያለችው ክብ ነገር፦ የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ስናወራ፣ እግረ መንገዴን «የምትውሉበት ሕንጻ የእሳት ማንቂያ እንዳለው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ ነበር። አንድ መስመር ናት። ከጅማ ብቻ የመጣው መልእክት ግን ይህን ገጽ ሞላው። ለካ ከተማው ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ኮርኒስ ለኮርኒስ የሚዞር ሰው አለ! ወደ ጥያቄዎቹ።

«የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ ነኝ። የትም ስገባ መጀመሪያ የማየው የእሳት ማንቂያውን ነው። ጭስ የሚለየውን፣ ግድግዳ ላይ ያለችውን፣ እሳት ያየ ሰው በእጁ የሚያስነሳትን ቀይ ሳጥን፣ ደወሉን፣ ሁሉንም በስልኬ አነሳለሁ፤ የፋብሪካውን ስምም እመዘግባለሁ። የዶርም ልጆች "ለቆበታል" ይሉኛል። በቀደም አንድ ሕንጻ ውስጥ ጥበቃው ስልኬን ተቀብሎ ፎቶዎቹን አስጠፋኝ። እንደኔ ያለ ሰው ሌላ ቦታ አለ? ጥፋቴስ ምኑ ላይ ነው?»

አለ እንጂ፣ ወንድሜ። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ይህን ለደስታቸው ብቻ የሚያደርጉ ሞልተዋል። ከፈረሰ ትምህርት ቤት አሮጌ ደወል ገዝተው ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉ አሉ። ፓኔሉን፣ ማለት ሁሉን የሚቆጣጠረውን ዋና ሳጥን ሳይቀር ቤታቸው ገጥመው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጮሁም አሉ፤ ጎረቤቶቻቸውን እግዜር ይርዳቸው። ነገሩ ታሪክም አለው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የከተማ የእሳት ማንቂያ መጀመሪያ የተዘረጋው ቦስተን ውስጥ በ1852 እ.ኤ.አ. ነው። ዊሊያም ቻኒንግ የሚባል ሐኪምና ሞሰስ ፋርመር የሚባል የፈጠራ ሰው የቴሌግራፍን ሐሳብ ወስደው መንገድ ዳር ሳጥን አቆሙ፤ እጀታውን ስታዞረው የሳጥኑ ቁጥር ወደ ማዕከሉ ይሄዳል፣ እሳቱ የት ሰፈር እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ጥበቃውን ግን አትቀየመው። አንተ የምታየው ዕቃውን ነው። እሱ የሚያየው ኮርኒስ፣ መውጫ በርና የኤሌክትሪክ ክፍል ፎቶ እያነሳ የሚዞር የማያውቀውን ልጅ ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ደስ አይለኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቅ፤ መታወቂያህን አሳይ፤ የምትፈልገውን ዕቃ በጣትህ ጠቁመው። ባንክ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ስልክህን ከኪስህ አታውጣ። በዓይንህ አይተህ ውጭ ስትወጣ ጻፍ። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሰው ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ። መንካትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ «ይሠራ ይሆን?» ብለህ ቀይዋን ሳጥን ከተጫንካት ሰው ደረጃ ላይ ሲረጋገጥ ማየትህ ነው።

አሁን የሚጣፍጠው ክፍል። ቀይዋ ሳጥን መሐሏ በጣት የሚገፋ ከሆነ የአውሮፓን ደረጃ የተከተለች ናት። ድሮ መስታወት ነበር የሚሰበረው፤ ዛሬ ብዙዎቹ በቁልፍ ወደ ቦታው የሚመለስ ፕላስቲክ አላቸው። ነጭ እጀታ ወደ ታች የሚሳብባት ከሆነ የአሜሪካ ዓይነት ናት። የኛ ሕንጻ ዕቃው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ሁለቱንም ልታገኝ ትችላለህ። ስሙንም አንብብ፦ አፖሎ የእንግሊዝ፣ ሆቺኪ የጃፓን፣ ጂኤስቲ የቻይና፣ ሲምፕሌክስ የአሜሪካ ነው። ሆቴል ስትገባ ከመኝታ ክፍሉ በር በላይ በኮሪደሩ በኩል ትንሽ አምፖል ካየህ አትለፋት። ክፍሉ ተቆልፎ ውስጥ ያለው መሣሪያ ጭስ ሲያገኝ እሷ ቀይ ትበራለች፤ ሠራተኛው ሁሉንም በር ከመስበር ይድናል። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ክቧን የጭስ መለያ ካጣሃት ግድግዳውን ከፍ ብለህ እይ። በአንዱ ጫፍ ጨረር የሚልክ ሳጥን፣ በሌላው ጫፍ የሚመልስ መስታወት መሰል ነገር ሊኖር ይችላል። ጭስ መሐል ሲገባ ጨረሩ ይደክማል፣ ማንቂያው ይነሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ቆቡን ፈልግ። አዲስ ሕንጻ ውስጥ ኮርኒሱ ላይ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ወይም ቀይ ፕላስቲክ ቆብ ያደረገች ክብ ነገር ካየህ፣ ያ ግንባታው ላይ አቧራ እንዳይገባባት የተደረገ ነው። ርክክብ ላይ መነሳት ነበረበት። ካልተነሳ ጭሱ አይገባም፤ ሕንጻው በወረቀት ላይ ማንቂያ አለው፣ በተግባር የለውም። ቀለም ቀቢ ቀዳዳዋን በቀለም የደፈነባትም እንደዚያው ናት። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ ፎቶህን ለሥራ አስኪያጁ አሳየው። የሕንጻውን ስም ጠርተህ ቲክቶክ ላይ ብትለጥፈው ላይክ ታገኝ ይሆናል፤ ቆቡን የሚያነሳው ሰው ግን ተቀይሞህ ይተወዋል። ለኔ የዚህ ሱስ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

«ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ማረፊያ ቤት አለኝ። የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ። መግቢያው ላይ ጠዋትና ማታ ቡና ይፈላል። ቡናው ሲቆላና ዕጣኑ ሲጨስ ማንቂያው ይጮሃል፤ እንግዳው ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ እየሮጠ ይወርዳል። ልጆቹ ፌስታል አጠለቁበትና አሁን ሰላም ሆነ። ችግር አለው?»

አለው፣ እናቴ። ፌስታሉ ያው የቆቡ ወንድም ነው። ሌሊት እንግዳ ተኝቶ ሶፋው ቢያያዝ ያ መሣሪያ ምንም አያውቅም።

ለምን እንደሚጮህ ልንገርዎ። ውስጡ ጨለማ ክፍል አለ። ከአንድ ወገን ብርሃን ይበራል፣ ሌላው ወገን ላይ ብርሃን የምታይ ዓይን አለች፤ ግን ፊት ለፊት አይተያዩም። ጭስ ሲገባ ብርሃኑ ጭሱን መትቶ ይበተንና ዓይኗ ላይ ያርፋል። በቃ፣ «እሳት!» ትላለች። የዕጣን ጭስ ይሁን የመጋረጃ፣ ለሷ ያው ነው። የሻወር እንፋሎት፣ አቧራ፣ በክረምት ገብታ የምትቀመጥ ትንሽ ነፍሳት እንኳ ያታልሏታል።

ጅማ ላይ ሆኖ «ቡና አታፍሉ» የሚል ሰው ራሱ ይመከር። የሚቻለው ሁለት ነገር ነው። ረከቦቱን ከመሣሪያው ሥር አንስተው መስኮት ወዳለበት ይውሰዱት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ የዘረጋልዎትን ባለሙያ ይጥሩና እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ሙቀት በሚለይ ይቀይረው። እሱ ጭስ አይሸተውም። አንዱ ዓይነት ሙቀቱ 57 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይነሳል፤ ሌላው ደግሞ ሙቀቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 8 ዲግሪ ያህል ሲዘል ይነሳል። ለዚህ ነው ኩሽና ውስጥ የሚገጠመው። መኝታ ክፍሎቹን ግን እንዳያስቀይሩ፤ የተኛን ሰው ቀድሞ የሚያንቀው ጭሱ ነው፣ ሙቀቱ እስኪደርስ ጊዜው ያልፋል። ፌስታሉን ዛሬውኑ ያስወልቁ።

«ሄርማታ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ቁራሌው አሮጌ የጭስ መለያዎች በካርቶን ይዞልኝ መጣ። ውስጡ ጨረር አለው የሚሉ አሉ። ልፍታው?»

አትፍታው። የሁሉም አይደለም፣ የአንዳንዶቹ አሮጌዎች ግን እውነት ነው። አሜሪሲየም 241 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጣም በጥቂቱ ይደረግባቸው ነበር፤ አየሩን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፣ ጭስ ሲገባ መተላለፉ ይቀንሳል፣ ማንቂያው ይነሳል። ኮርኒስ ላይ ሳለ ጉዳት የለውም፤ አብዛኛውን ጨረሩን ወረቀት እንኳ ያስቆመዋል። ችግሩ ተከፍቶ፣ ተፍቆ ወይም ተቃጥሎ ወደ አፍና ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። ደግሞ በጥቂት ዓመት ያልቅለታል ብለህ አትጠብቀው፤ ጉልበቱ በግማሽ ለመቀነስ 432 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ጀርባውን ገልብጠህ እይ። ሦስት ቅጠል የሚመስለው የጨረር ምልክት ካለበት ሳትከፍተው ለብቻ አስቀምጥና የጨረር ጉዳይ የሚመለከተውን መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ጠይቅ። ቁራሌውንም ንገረው፣ ከመዳብ ጋር እንዳያቀልጠው።

«ከውጭ የመጣልን የጭስ ማንቂያ ሳሎን ሰቅለን ነበር። ሌሊት ሌሊት ብቻ "ጢው" ይላል፣ ቀን ዝም። ቤተሰቡ "ልክፍት ነው" አለ።»

ባትሪው እያለቀ ነው። ሌሊት ሲበርድ የባትሪው ኃይል ትንሽ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ይጮሃል። ባትሪውን ቀይሩ። ጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን አለ፤ 10 ዓመት ካለፈው ግን ባትሪ አታባክኑበት፣ ራሱን ቀይሩት።

«ፊልም ላይ አንዱ ላይተር ኮርኒሱ ሥር ሲለኩስ ሕንጻው በሙሉ በውሃ ይርሳል። የኛ ቢሮ ኮርኒስ ላይም እነዚያ ውሃ የሚረጩት ተገጥመዋል። ኮምፒውተሮቹስ?»

ፊልም ነው። ውሃ የሚረጨው ጭስ አያውቅም። ጫፉ ላይ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለች፤ ስትግል ትፈነዳለች፣ ውሃው ይለቀቃል። የሚከፈተው የጋለው ብቻ ነው፣ ጎረቤቱ ዝም ይላል። ፈሳሹ ቀይ ከሆነ 68 ዲግሪ ላይ፣ ቢጫ ከሆነ 79፣ አረንጓዴ ከሆነ 93 ላይ ይፈነዳል። ቀለሙን ከታች ሆነህ ማየት ትችላለህ (የቂጦ ፉርዲሳው ልጅ፣ ይህችን መዝግብ)። ኮት ግን እንዳትሰቅልበት፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል የሚጥለቀለቀው አንዳንዴ በመስቀያ ነው።

«እኔ ደግሞ ጥበቃ ነኝ። በር ላይ ያለው የእሳት ማንቂያ ሳጥን ቀኑን ሙሉ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ቢጫ መብራት በርቷል። ሲጮህ ይቺን ተጫን ተብያለሁ፣ እጫናለሁ፣ ዝም ይላል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና። ምን ላድርግ?»

ጋሼ፣ ከእርስዎ ጥያቄ የሚበልጥ አልመጣም። አረንጓዴው መብራት «ኃይል አለኝ» ነው። ቀዩ «እሳት» ነው። ቢጫው «አሞኛል» ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ፣ የተነቀለ መሣሪያ ወይም የሞተ ባትሪ ሊሆን ይችላል። እርስዎ የሚጫኗት ቁልፍ ጩኸቱን ብቻ ነው የምታቆመው፣ በሽታው አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚብስ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪውን ነው። ሳጥኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አሉ፤ መብራት ሲጠፋ ለ24 ሰዓት ያህል እንዲያቆዩት ተብለው የሚገጠሙ ናቸው፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለባቸው። ብዙ ቦታ ግን ከተገጠሙ ወዲህ ያያቸው የለም።

ሳጥኑን አይክፈቱ፣ ውስጡ የመብራት ኃይል መስመር አለ። የሳጥኑ ስክሪን ላይ የተጻፈውን እንዳለ በስልክዎ ያንሱት። ቀኑንና ሰዓቱን በተረኛ መዝገብዎ ይጻፉ፣ ለሥራ አስኪያጁ ሲያስረክቡ ያስፈርሙት። በቃል ብቻ ከነገሯቸው ነገ «አልሰማሁም» ይባላል። ደግሞ ሳጥኑ ለምሳሌ «ዞን 3» ሲል የቱን ፎቅ ማለቱ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ከሳጥኑ አጠገብ ካልተለጠፈ ይጠይቁ። ካልሰጡዎት ባለሙያው ለጥገና ሲመጣ ያስነግሩትና በእጅዎ ጽፈው ይለጥፉት፤ የከተማውን የእሳት አደጋ ስልክም ከሥሩ ይጨምሩበት።