በሐምሌ ቅጠሉን ያራገፈው ዛፍ

ባለፈው ሐምሌ አንድ የሁለተኛ ዓመት የግብርና ተማሪ፣ የጎረቤቴ የእህት ልጅ፣ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ለጤፍ በታረሰ ጭቃ ማሳ መሐል አንድ ትልቅ ዛፍ ራቁቱን ቆሟል። ዙሪያው ሁሉ ለምልሞ እሱ ላይ አንድ ቅጠል የለም። ከፎቶው ሥር «ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ ደርቋል አይደል? ባለማሳው ይቆረጥ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነው» ይላል።

ሁለት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠሁትም። ልጁ ሥራ በዝቶብኝ መስሎት ይሆናል። ሥራ አልነበረብኝም፤ ጥያቄው 1979 ዓ.ም. ላይ መልሶ ጥሎኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ለእሱም፣ ዕፅዋት ለምትማሩ ለእኩዮቹም የምጽፈው ለዚህ ነው። በርትታችሁ አንብቡ፣ ክፍል አትቅሩ የሚለውን ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋልና አልደግመውም።

ያን ጊዜ 23 ዓመቴ ነበር። ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ በሞጆና በመቂ መካከል ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር በልማት ሠራተኝነት ተመደብኩ። ሐምሌ ላይ ነው፤ ጤፍ ሊዘራ ማሳው እየለሰለሰ ነው። አንድ ሽማግሌ ከሚያርሱት መሬት መሐል እንዲህ ያለ ራቁቱን የቆመ ዛፍ አየሁ። ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ነው። ቅርንጫፎቹ ነጣ ያሉ፣ ወዲህና ወዲያ እየታጠፉ የሚሄዱ፣ ቀጥ ያለ እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የበቀለባቸው ናቸው። በሬዎቹ እሱ ዘንድ ሲደርሱ ዞረው ያልፋሉ።

«አባባ፣ ይህን ደረቅ ዛፍ ለምን አያነሱትም?» አልኳቸው። ለወፍ ማረፊያ ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም፣ ሲወድቅም ከብት ይገድላል ብዬ አከልኩበት።

«ልጄ፣ ገርቢ እኮ ነው። ገርቢ ክረምት ያርፋል» አሉኝ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ሌሎች አራት አምስት ገበሬዎች አብረውን ቆመዋል። እኔም በእነሱ ፊት ዛፍ የሚያርፈው በበጋ እንደሆነ አስረዳሁ። በቅጠል የታችኛው ገጽ ላይ በሚገኙት ስቶማታ በሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውኃ እንደሚተን፣ ስለዚህ ዛፍ ውኃ ሲያጥረው ቅጠሉን እንደሚያራግፍ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ለመሥራት (ብርሃን አስተፃምሮ ለማካሄድ) መልሶ እንደሚያለብስ ተናገርኩ። በክረምት ያልለበሰ ዛፍ ሞቷል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንዱ ገበሬ ሳቀ። በማን እንደሳቀ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ሽማግሌው ግን አንገታቸውን ደፉ። «እናንተ ካላችሁ ምን ይደረጋል» አሉ።

በሦስተኛው ቀን በዚያ ሳልፍ ዛፉ ወድቋል። ልጆቻቸው ቅርንጫፉን እየመለመሉ ነበር። አንዱን ቅርንጫፍ አነሳሁና መጥረቢያው የላጠውን ቦታ አየሁት። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እርጥብ አረንጓዴ ነበር። አውራ ጣቴን ሳሳርፍበት ያዳልጣል። ካምቢየም የሚባለው፣ ወደ ውስጥ እንጨት ወደ ውጭ ቅርፊት እየሠራ ግንድን የሚያወፍረው ሕያው ክፍል የሚገኘው እዚያው ነው። በጥፍር ጫር ቢያደርጉት ይታያል፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ያን ሁሉ ንግግር ሳደርግ ወደ ግንዱ እንኳ አልተጠጋሁም ነበር። ቅርንጫፉን አስቀምጬ ለማንም ሳልናገር ሄድኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ነገር ዛፉን በስሙ ማወቄ ነው። ተማሪ ሳለሁ በሳይንሳዊ ስሙ አካሺያ አልቢዳ ይባል ነበር፤ ዛሬ ፌደርቢያ አልቢዳ ይባላል። ትግራይ ሞሞና ይሉታል። በዝናብ ወራት ቅጠሉን እንደሚያራግፍ ለፈተና ጽፌ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን በትምህርት ቤት ያየሁት የደረቀ ናሙና ወረቀት ላይ የተለጠፈ፣ ቅጠሉም አበባውም የተሟላ ነበር። ስሙን ለዚያ ወረቀት ሰጥቼው ኖሮ፣ ሕይወት ያለው ዛፍ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሳየው አልመጣልኝም።

ስለ ዛፉ በቅጡ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለ ዛፍ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ቡቃያው ከመሬት በላይ ስንዝር ሳይሞላ ዋና ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። ያደገው ዛፍ ሥሩ ከ20 ሜትር በላይ ወርዶ የከርሰ ምድር ውኃ ያገኛል። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ሌላው ሁሉ በደረቀበት በበጋ ቅጠሉን ያወጣል። ክረምት ሲገባ ያራግፈዋል፤ ቅጠሉ መሬት ላይ ይበሰብሳል፣ ከሥሩ የተዘራው እህል ጥላ አያገኘውም። በዚያ ላይ የባቄላና የሽንብራ ዘመድ ነው። ሥሩ ላይ ባሉ እባጮች ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳል።

እባጭ ስል የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህራችን ትዝ አሉኝ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባቄላ ያስነቅሉንና ሥሩ ላይ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታህል እባጭ በምላጭ ለሁለት ያስከፍሉን ነበር። ውስጧ ሐምራዊ ቀይ ከሆነ እየሠራች ነው፤ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አቁማለች። በለስ ላይ ቅጠል የምንለው ግንድ እንደሆነ፣ ቅጠሉ እሾሁ እንደሆነም ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ድንች ዓይን ስላለው ግንድ ነው፣ ስኳር ድንች ግን ሥር ነው ሲሉን ቤት ሄጄ ከእናቴ ጋር ተከራክሬያለሁ። የእንሰት ቁመና ላይ የሚታየው «ግንድ» የተደራረበ የቅጠል እጅ መሆኑንና እውነተኛው ግንድ ታች መሬት ውስጥ ያለው ድቡልቡል ክፍል፣ አምቾው፣ መሆኑን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ጉራጌ አገር አንዲት እናት ሲፍቁ ቁጭ ብዬ አይቼ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። በዚያው ዓመት ዛፉ የነበረበት ቦታ ላይ የበቀለው ጤፍ ከሌላው ሁሉ በለጠ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ለራሴም ትክክል ነበርኩ አልኩት። ያ ጤፍ ዛፉ በብዙ ዓመት ያከማቸውን እየበላ እንደነበር የገባኝ በ1982 ነው። ያን ዓመት ከርቀት ሳይ፣ ድሮ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ሆኖ የሚለየው ቦታ ከቀሪው ማሳ አይለይም። ከዚያ በፊት ግንቦት ላይ፣ ሣር በጠፋበት ወቅት፣ የጎረቤት ፍየሎች ከየገርቢው ሥር ያንን የተጠማዘዘ ብርቱካንማ ፍሬ ሲለቅሙ፣ የሽማግሌው ላም ባዶ ጉቶ ዙሪያ ቆማ አይቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ስለ ማዳበሪያ አውርቼ ተመልሻለሁ።

በ1983 ከአካባቢው ከመልቀቄ በፊት እሳቸው ራሳቸው ጠሩኝ። ከማሳቸው ጥግ፣ ከብት ያድርበት በነበረ ቦታ፣ ከእበት ውስጥ የበቀለች ከሰው ቁመት ያለፈች ችግኝ በእሾህ አጥረዋል። ፍሬው በከብት ሆድ አልፎ ሲወጣ ይበልጥ ይበቅላል። ወሩ ነሐሴ ነበርና ችግኟ ቅጠል የላትም። «ለሚተካህ ሰው ንገርልኝ፤ አልሞተችም» አሉኝ። ለተካኝ ሰው ነገርኩት። ይቅርታውን ግን አልተናገርኩም፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል።

እናንተ ዛሬ ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ስልኩ ስሙን ይነግራችኋል፣ ትሄዳላችሁ። ይህ ያሳስበኛል። አንድ ዛፍ ሥር አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ተማሪ እያነሰ ነው። ስም የሸመደደ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ታሪክ አይታችኋል። ሆኖም ስም አትናቁ፤ የቅጠሉን አደራደር፣ የእሾሁን ዓይነት፣ የእምቡጡን ቦታ የሚለይ ቃል የሌለው ዓይን ብዙ ያልፈዋል። የእሾሁን አበቃቀል ብቻ በደንብ አይቼ ቢሆን ኖሮ ያን ዛፍ በለየሁት ነበር። ደግሞም እውነቱን ልናገር፦ ይህ ልጅ ፎቶ አንስቶ ጠየቀ። እኔ በእሱ ዕድሜ አልጠየቅሁም።

አንድ ልመና አለኝ። ዕፅዋትን በአራቱም ወቅት እዩዋቸው። አንድ ዛፍ ምረጡ፣ ከደጃችሁ ያለውንም ቢሆን፣ መስከረምም ጥርም ሚያዝያም ሐምሌም ሂዱበት፣ ያያችሁትን ጻፉ።

በሦስተኛው ቀን ለልጁ «ቅርንጫፉን በጥፍርህ ጫር አድርገህ ፎቶ ላክልኝ። ከማሳው ጋር የኖረ ትልቅ ሰው ካለም ጠይቅ» ብዬ ጻፍኩለት። ማታ ላከልኝ። ጭቃ ያለበት አውራ ጣት፣ ከጎኑ የተላጠ ቅርፊት፣ ውስጡ አረንጓዴ። ቀጥሎም እንዲህ ይላል፦ «ባለማሳው ከከተማ በቅርቡ የተመለሰ ልጅ ነው። እናቱን ጠየቅኋቸው። ተዉት፣ ያርፋል ነው የሚሉት። ምን ማለታቸው ነው ጋሼ?»