ለኑድል ጥብስ ሁለት ዘይት፦ አንዱ ለእሳቱ፣ አንዱ ለመዓዛው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፤ ሌላውም ሰው ይከተለን። ኑድል በአትክልት የምትጠብሺው በኑግ ዘይት ነው፤ ገና አትክልቱ ሳይገባ ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ ምግቡም መረር ይላል። የወይራ ዘይት ልግዛ ወይስ እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሰሊጥ ስለማይጠፋ የሰሊጥ ዘይት ይሻላል ነው ያልሽው።

የወይራውን ገንዘብ ያዥው። የሚያስፈልግሽ እሳት የሚችል፣ ጣዕም የሌለው የተጣራ ዘይት ነው፤ ለመዓዛው ደግሞ ከእሳት ከወረደ በኋላ የሚጨመር ጥቂት የሰሊጥ ዘይት። ሁለቱን ሥራ በአንድ ዘይት ለመሥራት ስትሞክሪ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ወጥ ስትሠሪ ሽንኩርቱና መረቁ ውሃ ስላላቸው ዘይቱ ብዙ አይግልም። የኑድል ጥብስ ግን በ4 እና 5 ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ መጥበሻው 200 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አትክልቱ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከመጭመቂያ ቤት በቀጥታ የሚመጣው ኑግ ዘይት ደግሞ አልተጣራም። የፍሬው ብናኝ አብሮት አለ፤ ጀሪካኑ ታች ላይ የሚዘቅጠው አተላ እሱ ነው። ዘይቱ ገና ሳይበቃው ያ ብናኝ ያርና ይጨሳል፤ ምሬቱም ከዚያ ይመጣል። ኑጉን ለሽሮ፣ ለጎመን፣ ለጾም ወጥ አቆዪው፤ እዚያ የሚተካው የለም።

ለመጥበሻው የተጣራ የሱፍ ዘይት ግዢ። እስከ 225 ዲግሪ ገደማ ሳይጨስ ይችላል፤ የተጣራ የአኩሪ አተርና የለውዝ ዘይትም ከእሱ አይርቁም፣ በዋጋ የሚሻልሽን ውሰጂ። (የታሸገው ላይ ሱፍ የሚባለው የፈረንጅ ሱፍ ነው፤ ፍትፍት የምንሠራበት ነጩ ሱፍ ሌላ ተክል ነው።) ዘይቱ የጠራ፣ ሲያሸቱት ምንም የማይሸት መሆን አለበት። ቀለሙ የደመቀና የፍሬው ሽታ ያለው ከሆነ አልተጣራም ማለት ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የሚረጋው የፓልም ዘይት እሳቱን ይችላል፤ ችግሩ ሲበርድ ነው። የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ያ መበላሸት አይደለም፣ ለብ ሲል ይቀልጣል። ግን ምሳ ዕቃ ውስጥ የገባ ኑድል ላይም እንዲሁ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ትኩሱን የምትበሉት ከሆነ ብቻ ተጠቀሚበት።

ያልተጣራው የወይራ ዘይት ከ190 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይጨሳል፣ ጣዕሙም ከሶያ ሶስና ከዝንጅብል ጋር አይስማማም። ንጥር ቅቤም እንዲሁ፤ በደንብ የተነጠረው እሳት ይችላል፣ ነገር ግን ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሳህኑን ሁሉ ይወርሱታል።

አሁን ሰሊጡ። ሩቅ ምሥራቆች ኑድል ላይ የሚያደርጉት ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ፣ እንደ ማር የጠቆረ ዘይት ነው። እዚህ ካጣሽው ወይም ከተወደደብሽ በቤት የሚቀራረበውን ማውጣት ይቻላል። 4 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሰሊጥ አበጥሪ፤ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ጥሩ ነው፣ አሸዋ እንዳይኖረው ብቻ ለቅመሽ እይው። በደረቅ መጥበሻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ እጅሽን ሳታሳርፊ ቁዪው። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል፣ ከዚያ የገለባ ቀለም ይይዛል። እዚያ ላይ ወዲያው ሳህን ላይ ገልብጪው፤ መጥበሻው ላይ ከተውሽው በራሱ ግለት ይጠቁርና ይመራል። ሲበርድ ውቀሽ ወይም ፈጭተሽ፣ ጣት በሚችለው ያህል የሞቀ ግማሽ ስኒ የሱፍ ዘይት አፍሺበት፣ አድሮ በንጹሕ ሻሽ አጥልዪው። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይበቃዋል። ነጭ ሽንኩርት ግን ውስጡ እንዳትጨምሪ፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲቀመጥ በማየትም በማሽተትም የማይታወቅ አደገኛ መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል።

አሠራሩ ለሁለት ሰው ነው፦ 200 ግራም ደረቅ ኑድል ወይም ቀጭን ስፓጌቲ፣ 300 ግራም አትክልት (ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቃሪያ)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት።

ኑድሉን ቀቅዪ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይበቃም። 3 ደቂቃ የሚለውን 4፣ 8 የሚለውን 10 አድርገሽ ቅመሺው። ውሃው ውስጥ ዘይት አትጨምሪ፤ ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ መጣበቁን አያስቀርም። ገና መሐሉ ጠንከር እንዳለ አጥልለሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፣ ውሃው ጥርግ ብሎ ሲንጠፈጠፍ 1 የሻይ ማንኪያ የሱፍ ዘይት ለውሺው።

አትክልቱ ታጥቦ መድረቅ አለበት። እርጥብ ካሮት የገባበት ዘይት ይፈናጠራል፣ ግለቱም በአንዴ ይወርዳል። የብረት መጥበሻ ከሆነ ባዶውን 1 ደቂቃ አግዪው፣ ከዚያ ዘይቱን። ቴፍሎን ከሆነ ባዶውን አታግዪ፣ ከዘይቱ ጋር ጣጂው፣ እሳቱንም ከመካከለኛ አታሳልፊ። ዘይቱን መጀመሪያ ስታፈሺው ወፍራም ሆኖ ቀስ ብሎ ይሄዳል። መጥበሻውን ዘንበል ስታደርጊው እንደ ውሃ ቀጥኖ መሮጥና ማንጸባረቅ ሲጀምር ደርሷል፤ የደረቀ የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ስትነክሪበት ዙሪያውን አረፋ ያወጣል። ቀጭን ጭስ ካየሽ አልፏልና ከእሳት አውርጂው። ጭሱ ከበዛና ከሸተተ ድፊው፣ ምሬቱ አይመለስም።

መጀመሪያ ካሮትና ፎሶሊያ፣ 2 ደቂቃ። ከዚያ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ፣ 1 ደቂቃ። የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከዚህ በኋላ፣ ለ20 ሰከንድ፤ እንደ ወጥ ቀድመው ከገቡ በዚህ ግለት ያራሉ፣ ምሬቱንም ሰው በዘይቱ ያሳብባል። ኑድሉን ጨምረሽ አገላብጪ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ በመጥበሻው ጠርዝ ዙሪያ አፍሺ፣ አውርጂ። የሰሊጡ ዘይት አሁን ነው የሚገባው፤ እሳት ላይ ከገባ ሽታው ተንኖ ዋጋው ብቻ ይቀራል።

ለአራትና ለአምስት ሰው ስትሠሪ ሁሉን በአንዴ አትክተቺ። መጥበሻው ሲሞላ አትክልቱ ውሃ ያወጣና ይቀቀላል፤ ዘይት ብትጨምሪ ቅባቱ ይበዛል እንጂ አይጠበስም። ሁለት ጊዜ ከፍለሽ ጥበሺ።

ሳምቡሳ ወይም ድንች የተጠበሰበትን ዘይት ለዚህ አትጠቀሚ። ፍርፋሪው ስላረረበት ከአዲሱ ቀድሞ ይጨሳል። ዘይትም ብዙ አትግዢ፤ በወር የሚያልቅ 1 ሊትር ለወራት ከሚከፈት 5 ሊትር ይሻላል፣ ከምድጃው ራቅ አድርገሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው። ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ አርጅቷል።

በከሰል የምትሠሪ ከሆነ ፍሙ በደንብ ሲቀላ ብቻ ጣጂ፣ ክዳንም አጠገብሽ ይኑር። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳታፈሺበት፣ መጥበሻውንም ይዘሽ አትሩጪ፤ ክደኚውና እስኪበርድ ተዪው።