ካላቴያሽ ላይ ውሃ መርጨቱን ተይው፦ የቤት ውስጥ አትክልት ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቅጠሉ ጫፉ ደረቀ፣ ቡናማ ሆነ፣ አየሩ ደርቆ ነው አይደል? አንዳንዴ አዎ አየሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ ታች ያለው አፈርና ውሃ ነው፣ አየሩ በከንቱ ነው የሚከሰሰው። የተወሰኑትን መርጬ መልሻለሁ።

ከሲኤምሲ፦ ካላቴያ ገዝቼ የሸጠልኝ ልጅ በቀን ሁለቴ ውሃ እርጪባት አለኝ፣ እየረጨሁ ነው፣ ግን ቅጠሏ እየተጠቀለለ ጫፉ እየደረቀ ነው። ምን ላድርግ?

እህቴ በመጀመሪያ ያንን መርጫ አስቀምጪው። የረጨሽው ውሃ ቅጠሉ ላይ ትንሽ ቆይቶ ይተናል፣ የክፍሉ አየር ደግሞ ወዲያው ወደነበረበት ይመለሳል፣ ሁለቴ አይደለም አስሬ ብትረጪም ያው ነው፣ ጭራሽ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ ፈንገስ ነው የምትጠሪው። ካላቴያ አገሯ ብራዚልና አካባቢው ያለው ደን ነው፣ ትላልቅ ዛፍ ስር፣ ጥላ ውስጥ፣ አየሩ ሁሌ እርጥብ የሆነበት፣ ስለዚህ 60 ፐርሰንት አካባቢ የአየር እርጥበት ብታገኝ ደስ ይላታል፣ በ50ም ትኖራለች። አዲስ አበባ በክረምቱ ይሄን አታጣም፣ ሐምሌ ላይ የታጠበ ልብስ ራሱ ስንት ቀን ነው ሳይደርቅ የሚሰነብተው። ችግሩ ዝናቡ ቆሞ ከጥቅምት ወዲህ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ቀኑ ፀሐይ፣ ከሰዓት ላይ አየሩ ጉሮሮ ያደርቃል።

ከመገመት ግን ለኪው። ሃይግሮሜትር የምትባል ትንሽዬ ዲጂታል ዕቃ አለች፣ ሙቀትና እርጥበት ታሳያለች፣ አትክልቷ አጠገብ አስቀምጫት። ጠዋት የምታይው ቁጥርና 9 ሰዓት ላይ የምታይው በጣም ይለያያል፣ አየሩ ሲሞቅ ውሃው የትም ሳይሄድ ፐርሰንቱ ይወርዳላ። ከ40 በታች እየገባ ከሆነ አትክልቶችሽን ሁሉ አንድ ጥግ ሰብስቢያቸው፣ በቅጠላቸው የሚያወጡት እርጥበት እዛው መሃላቸው ይቆያል፣ መስኮት ያለው ሻወር ቤት ካለሽም እዛ ውሰጃት። ትሪ ላይ ጠጠርና ውሃ አድርጎ ከላይ ማስቀመጥ የሚሉት ነገር ይጠቅማል ግን ትንሽ ነው፣ ብዙ አትጠብቂ።

ደግሞ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺው እስቲ። ደረቅ ከሆነ ቅጠሉን የጠቀለለው ጥማት ነው። ጭቃ ሆኖ ከሸተተሽ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው፣ የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ውሃ ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ ሰው ደግሞ ደርቃለች ብሎ ይጨምርላታል፣ በዚህ ስንቱ አትክልት ነው ያለቀው።

ከአዳማ አካባቢ፦ ድራሴናዬና ስፓይደር ፕላንቴ ጫፍ ጫፋቸው እየተቃጠለ ነው፣ የጉድጓድ ውሃ ነው የምንጠቀመው። ሂውሚዲፋየር (አየር የሚያረጥበውን ማሽን) ልግዛ?

ብርህን አታባክን ወንድሜ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን እዛ አካባቢ ከዚህ በጣም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ፣ የልጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ነገር ከሱ ነው። ሁለቱም አትክልቶችህ ደግሞ ፍሎራይድ የማይችሉ ናቸው፣ በሥር ገብቶ ቅጠል ጫፍ ላይ ይጠራቀምና ያቃጥለዋል። ውሃውን አሳድሮ መጠቀም ለክሎሪን ይሠራል ለፍሎራይድ አይሠራም፣ ማፍላት ደግሞ ውሃውን ቀንሶ ፍሎራይዱን ያወፍረዋል። በክረምት ከአሸንዳ ላይ በጀሪካን ያዝ፣ የዝናብ ውሃን የሚያክል የለም። ሱፐርፎስፌት የሚባለውን ማዳበሪያም ተው፣ ራሱ ፍሎራይድ አለበት። የተቃጠለው ጫፍ አይመለስም፣ በመቀስ ቁረጠው፣ አዲስ የሚወጣውን እያየህ ነው የምታውቀው።

ከዱባይ፦ የማዳም ሳሎን ውስጥ ያሉትን አትክልቶች የምንከባከበው እኔ ነኝ። ውጪ እርጥበቱ መነጽር ያደበዝዛል፣ ቤት ውስጥ ግን ቅጠሉ ድርቅ ይላል። እንዴት ነው ነገሩ?

ኤሲው ነዋ እህቴ። አየሩ ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ሲያልፍ ውስጡ ያለው ውሃ እንደ ጤዛ ይወርዳል፣ ያ ነው በቱቦ ውጪ ሲንጠባጠብ የምታይው፣ ተመልሶ ወደ ሳሎን የሚገባው ደረቁ ነው። ከዛ ላይ ንፋሱ ቀጥታ ከመታው አለቀለት። ማዳምን አስፈቅደሽ ከኤሲው አፍ ፊት አንሺያቸው፣ ሌላ ምንም ባታደርጊ ይሄ ብቻ ለውጥ አለው። ከቱቦው የሚወጣውን ውሃ በባልዲ ብትይዢው ጨው የሌለው ስለሆነ ለእነሱ ጥሩ ነው፣ ለጌጥ አትክልት ብቻ እንጂ አይጠጣም፣ ለሚበላ ነገርም አታጠጪው።

ከሚኒሶታ፦ በክረምት ሂውሚዲፋየሩን 60 ላይ አድርጌ መስኮቱ ውሃ እያለቀሰ ግድግዳው ሻገተ፣ ባለቤቴ ወይ እኔ ወይ ሞንስቴራው ብላኛለች።

ባለቤትህ ልክ ናት። ውጪ -15 ዲግሪ የሆነ አየር የሚይዘው ውሃ ኢምንት ነው፣ ቤት ገብቶ 21 ሲደርስ እርጥበቱ ከ10 ፐርሰንት በታች ነው፣ ምግብ ማብሰሉና ሻወሩ ናቸው ትንሽ ከፍ የሚያደርጉት። አንተ በግድ 60 ስታደርሰው ትርፉ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ይለጠፋል። ብርዱ ሲከፋ 30 እስከ 35 ላይ አውርደው፣ ሞንስቴራ ወፍራም ቅጠል ስላለው ይችለዋል። የማይችሉ ስስ ቅጠሎች ካሉህ ቤቱን ሁሉ ከማርጠብ እነሱን ብቻ መስታወት ውስጥ አስገባ። የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1829 አካባቢ፣ የከሰል ጭስ በበዛበት ከተማ አልበቅል ያለው ፈርን የሚባል ተክል ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ራሱን ችሎ ሲበቅል አይቶ ነው ያ ነገር የተጀመረው፣ በኋላ በእንዲህ ዓይነት የመስታወት ሳጥን ነው ችግኝ በመርከብ ውቅያኖስ ያቋረጠው። ለሂውሚዲፋየሩ ደግሞ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ተጠቀም፣ አልትራሶኒክ (በንዝረት ውሃውን ጉም የሚያደርገው ዓይነት) ከሆነ የቧንቧ ውሃ ማዕድኑን ነጭ አቧራ አድርጎ ዕቃው ላይ ሁሉ ይበትነዋል።

ከጎንደር፦ ልጄ፣ ሳሎን ውስጥ ከሰል አንድጄ ብረት ድስት ውሃ ባፈላ ለአበቦቼ አይሆንም?

እማማ በምንም ዓይነት እንዳያደርጉት። እንፋሎቱ ድስቱ ሲወርድ አብሮ ያልቃል፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ግን ሰው ይገድላል፣ ሽታም የለውም። አበቦችዎን ተጠጋግተው እንዲቀመጡ ያድርጉ፣ ቅጠላቸውንም በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ይጥረጉላቸው፣ ይበቃቸዋል።

ከስቶክሆልም፦ ቤት ውስጥ መስኮቱ ስር ያስቀመጥኩት የቡና ችግኝ አለኝ፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩ ይጠቁራል። ፍሬስ ይሰጠኛል?

ቡና የከፋ ደን ልጅ ነው፣ ትልልቅ ዛፍ ጥላ ስር፣ እርጥብ አየር ውስጥ ያደገ፣ አንተ ደግሞ ራዲያተር (የቤት ማሞቂያው) ላይ አስቀምጠኸው ይሆናል፣ መስኮቱ ስር ነው እንዳልከኝ ያው እዛ ነው ራዲያተሩ የሚሆነው። ከሙቀቱ አርቀው፣ ብርሃን ግን አትንፈገው፣ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይመቸዋል። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ሳህኑ ላይ ውሃ አይቁምበት። ፍሬውን በተመለከተ፣ አረቢካ የሚባለው የእኛ ቡና ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አንድ ዛፍም ይበቃል፣ ግን ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ ነው፣ የሚገኘውም አንድ ስኒ ቢሞላ ነው።

ከአያት፦ የሞንስቴራ ቁራጭ ሥር እስኪያወጣ ፌስታል ባለብሰውስ?

አልብሺው፣ ለቁራጭ በጣም ጥሩ ነው። ቅጠሉን እንዳይነካ ሁለት እንጨት ሰክተሽ ከላይ አድርጊው፣ በየቀኑ ትንሽ ክፈቺው፣ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ብቻ አታድርጊው፣ ይቀቀላል።