ጥያቄና መልስ፦ ለገና ሌሊት ዊልቸር የሚያስገባ በር

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ነን። በዊልቸር የሚሄዱ ሁለት እናቶችና መስማት የተሳነው አንድ ወንድማችን የገናን ሌሊት አብረውን ማስቀደስ ይፈልጋሉ። የቤተ ክርስቲያናችን በር ሦስት ደረጃ አለው፤ የእያንዳንዱ ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። አምና እናቶችን ከነወንበራቸው ተሸክመን አስገባናቸው፤ በጣም ተሳቀቁ። ዘንድሮ ምን እናዘጋጅ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቢሳቀቁ አይፈረድባቸውም፤ ሸክሙ አደገኛም ነው። የብዙ ዊልቸር የክንድና የእግር ማሳረፊያ ተነቃይ ስለሆነ፣ በእሱ ይዘው ሲያነሱት ወልቆ ሰው ሊጥል ይችላል። የእንጨት ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ) አሠሩ።

ልኩ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ሦስቱ ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋችኋል። አናጺው «2 ሜትር ይበቃል» ቢል እሺ አትበሉት፤ ሽቅብ ሲሆን ገፊው አቅም ያጣል፣ ቁልቁል ሲሆን ወንበሩ ያመልጠዋል። ግቢው ከጠበበ መሐል ላይ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 ሜዳ ትታችሁ አቅጣጫውን አዙሩት፤ በሩ ፊትም ያንኑ ያህል ሜዳ ይኑር። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፤ ጎማ እንዳይወርድ ግራና ቀኙን በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ክፈፉት። ምንጣፍ ስለሚንሸራተት አታንጥፉበት፤ ቀለም ቀብታችሁ ሳይደርቅ አሸዋ ነስንሱበት። ቦታውም እናቶች በሚገቡበት በሴቶች በር ይሁን።

ጫማ ተወልቆ በሚገባበት ቦታ የጎማው ነገር ማነጋገሩ አይቀርም። ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙና እርጥብ ጨርቅ ይዞ ጎማውን የሚወለውል ሰው በሩ ላይ መድቡ። ውስጥ የምንጣፉን ጠርዝ እጠፉት፤ የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች እዚያ ይሰነቀራሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጧፉ ነው። የቆመ ሰው የያዘው ጧፍ የሚነደው በተቀመጠ ሰው ፊት ትክክል ነው፤ ሰሙም ጭናቸውና ነጠላቸው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከፊት፣ ከቤተሰባቸው አጠገብ ቦታ ያዙላቸው፤ አስተናባሪም ከኋላቸው ይቁም።

ለወንድማችሁ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ጧፍ ሲበራ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው አይታየውም። የእጅ ባትሪ ከፊት በኩል በአስተርጓሚው ፊትና እጅ ላይ አብሩ፤ ከኋላ ከሆነ ጥላው ብቻ ነው የሚታየው። አስተርጓሚ ሁለት ይሁኑና በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ። ግእዙን እዚያው ሰምቶ በምልክት መግለጽ እጅግ ስለሚከብድ፣ ምንባባቱ ቀደም ብለው ይሰጧቸው።

መመለሻውን ባጃጅ በቀን ተነጋግራችሁ ያዙ፤ ዊልቸሩ ታጥፎ መግባቱንም ያኔውኑ ሞክሩት።